ስድስት ይቀነስ

ሐዋሳን በየካቲትና በመጋቢት የማያውቅ ሰው ስለ ሙቀት ባያወራ ይሻላል። ሐይቅ አላችሁ፣ ነፋስ አላችሁ፣ ዛፍ አላችሁ ይሉናል እንግዶች። አለን፣ ማን ካደ? ሐይቁ ግን ያለው ሐይቅ ዳር ነው። ፒያሳ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ፊቱን ለምዕራብ ፀሐይ ሰጥቶ መስታወት በመስታወት በሆነ ሕንፃ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ለተቀመጠ ሰው፣ ሐይቁ በሩቅ ከማብረቅረቅ በቀር የሚፈይድለት ነገር የለም። ላቡ በጀርባው ይወርዳል፣ እሱም ሐይቁን ያያል፣ በቃ።

የኢንጂነር ካሌብ የሕንፃ ዲዛይን ቢሮ እዚያ ነው። አሥራ አራት ሰው ይሠራበታል። መስኮት ይከፈት ሲባል ግማሹ "ነፋስ ይመታናል" ብሎ ይነሳል፤ ይዘጋ ሲባል ሌላው ግማሽ በላብ ያልቃል። ጸሐፊዋ ጽጌ በዚያ ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠቅልላ ነው የምትውለው፤ በርና መስኮት ፊት ለፊት ተከፍተው ካየች ቤት የተቃጠለ ያህል ሮጣ ትዘጋለች። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ ኤሲ አለ። እሱ ሲበራ ከሥሩ የተቀመጡት ሦስት ሰዎች ይንቀጠቀጣሉ፣ ጥግ ያሉት መኖሩንም አያውቁም፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ ብሬከሩ ይወድቅና ኮምፒውተሩ ሁሉ ድርግም ይላል። ሴቭ ያላደረገ ያኔ ነው አምላኩን የሚጠራው።

ለዚህ ሁሉ ጣጣ መላ ያመጣችው ማርያማዊት ናት። ባለ ዲግሪዎቹ ዙሪያዋን ተቀምጠው፣ መላው የመጣው በዲፕሎማ ከተቀጠረችው ሴት ነው። አርባ ስድስት ዓመቷ ነው፤ አሥራ ዘጠኙን እዚያ ቢሮ የመብራትና የአየር መስመር ስትስል ነው የፈጀችው። በእያንዳንዱ ሥዕል ታች፣ ቀኝ ጥግ ላይ አንዲት ሳጥን አለች። ከላይ "ዲዛይን ያደረገው" ይላል፣ ከሥር "የሣለው" ይላል። የማርያማዊት ስም አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከሥር ነው። አንድ ቀን፣ በአንድ ሕንፃ ላይ ብቻ፣ ወደ ላይኛው መስመር ብትወጣ ሌላ አትፈልግም ነበር። ይሄ ምን ይበዛል?

መላዋ እንዲህ ናት። ከሞቱ ኮምፒውተሮች ሆድ ውስጥ የምትወጣ መዳፍ የምታህል ማራገቢያ አለች፤ እሷን በቀጭን እንጨት ላይ አቆመቻት። ፊት ለፊቷ እርጥብ ሻሽ ወጠረችላት። ሽቦዋ የሚሰካው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ የምትበላው ኃይል የስልክ ቻርጀርን እንኳ አያህልም። ነፋሷ በሻሹ አልፎ የባለቤቷን ፊትና አንገት ብቻ ይነካል፣ ወደ ጎረቤት አይሻገርም። ሁለተኛዋ እህቷ ደግሞ ባለ ቀዳዳ ወንበር ሥር ገብታ ጀርባን ታናፍሳለች። ጽጌ ሻርፗን ሳትፈታ፣ አጠገቧ ያለው ሳይታፈን ይውላል። ክፍሉን በሙሉ ለማቀዝቀዝ ያን ሁሉ መብራት ከማቃጠል፣ የሞቀውን ሰው የሞቀው ቦታ ላይ ማቀዝቀዝ ነው ነገሩ።

ስም ያወጣችላት ራሔል ናት። ገና እንደተሠራች ፊቷን ወደ ማራገቢያዋ ሰጥታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ "እሰይ፣ እፍ በይልኝ" አለች። ከዚያ ወዲያ ስሟ "እፍ" ሆኖ ቀረ። "እፌን ማን አነሳብኝ?" ይባባሉ ጀመር።

ራሔል የቢሮው የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት፤ ጎን ለጎን ከማርያማዊት ጋር ተቀምጣ አሥር ዓመቷ። መሳቢያቸው አንድ ነው፣ ምሳቸው አንድ ነው፣ ራሔል ስትወልድ ሆስፒታል ያደረችው ማርያማዊት ናት። ራሔል የሆነ ነገር እንዳትረሳ ስትጽፍ አጠገቡ ትንሽ ኮከብ ትሥላለች፤ መሳቢያቸው በባለ ኮከብ ቁራጭ ወረቀት የተሞላ ነው። "ሽንኩርት"፣ "የልጄ ክትባት"፣ "ለማርያማዊት ልደት"። እህት ነበሩ ብል አላጋነንኩም።

አሁን ምስጢሩን ልንገራችሁ። እፍ የተሠራችው ለቢሮው ተብሎ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት ማርያማዊት በጠራራም በደመናም ከደረቷ እሳት እየተነሳ አንገቷንና ፊቷን ይለበልባት ጀመር። ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ሐኪሙ ዕድሜዋን ጠይቆ ነገሩን በአንድ ቃል ጨረሰው። አርጠሻል አላት። ቃሉን ሰምታው ታውቃለች፤ ለራሷ ሲነገር ግን ሌላ ሆነባት። ሳታገባ፣ ሳትወልድ፣ "ገና ነኝ" እያለች ስትኖር አንድ ሰው በሩን ሳያንኳኳ መጥቶ የቆለፈባት መሰላት። ማታ እናቷ ምን ሆነሽ ነው ብትላት ጉንፋን ነው አለች። በማግስቱ የቢሮው ደረጃ መዞሪያ ላይ ለራሔል ነገረቻት፤ ለራሔል ብቻ።

"ከአንቺና ከእኔ ሌላ አንድ ጆሮ እንዳይሰማ" አለቻት።

"ጌታ ምስክሬ ነው" አለች ራሔል እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ። "ከእኔ ከወጣ ልጄን አያሳድግልኝ።"

እንዲህ ያለ ነገር በልጅ ተምሎበት ማን ይጠረጥራል? ማርያማዊትም አልጠረጠረችም። እፍን ሠራች፣ ፊቷን አቀዘቀዘች፣ ለራሔልም ለሌላውም ሠራችላቸው፣ ማንም ለምን እንደጀመረችው አልጠየቀም።

ዘንድሮ ደግሞ ሐይቅ ዳር ባለ ስድስት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ የሚያሠሩ አቶ ወልደጻድቅ የሚባሉ ነጋዴ ወደ ካሌብ መጡ። ሁለት መቶ ሠራተኛ የሚገባበት ነው። ሰውየው ጄኔሬተርና ኤሲ የሚባል ነገር አስመርሯቸው ስለነበር ማርያማዊት የሐሳቧን ንድፍ ስታሳያቸው ወደዱት። መስኮቶቹ የሐይቁን ነፋስ እንዲያስገቡ ይሆናሉ፣ በየጠረጴዛው አብራ የተገጠመች እፍ ትኖራለች።

"ጥሩ ነው፣ ግን ሰው እንደሚመቸው በምን አውቃለሁ?" አሉ።

ካሌብም ማርያማዊትን ቢሮው ጠርቶ፣ "ማስረጃ አምጪልኝ" አላት። "ሰውየውን ካሳመንሽ ዲዛይኑ በአንቺ ስም ይወጣል። የላይኛው መስመር ላይ።"

ያን ቀን ከፒያሳ እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች፤ ባጃጅ ውስጥ ታጥፋ ለመቀመጥ ደስታዋ አልፈቀደላትም።

ማስረጃው እንዲህ ተሰበሰበ። ለአራት ሳምንት አሥራ አራቱም ሠራተኞች በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት፣ ፎርም ይሞላሉ። ሰዓቱን ይጽፋሉ፣ ከዚያ ከአራት ሳጥን አንዷ ላይ ምልክት ያደርጋሉ፦ "በጣም ሞቀኝ"፣ "ሞቀኝ"፣ "ደህና ነኝ"፣ "በረደኝ"። ሰው እንዳያፍር በስም ፋንታ ቁጥር ተሰጠ። ዕጣ ወጣ፤ ሁሉም የራሱን ቁጥር ብቻ ያውቃል፣ ሙሉ ዝርዝሩ ያለው ራሔል ጋ ነው። ለማርያማዊት አሥራ አንድ ደረሳት።

"አንቺ ሥዕልሽን ጨርሺ፣ ፎርሙን ኮምፒውተር ላይ የማስገባው እኔ ነኝ" አለቻት ራሔል። ማርያማዊት እህት ማለት እንዲህ ነው አለች በልቧ።

ፎርም በመሙላቱ ብዙ ተሳቀ። በተለይ በአብዱልፈታህ። አብዱልፈታህ ስምንት ዓመት ዱባይ ሠርቶ የተመለሰ የግንባታ ባለሙያ ነው፤ ልቡ ተመልሷል፣ ሰዓቱ ግን እዚያው ቀርቷል። "ሦስት ሰዓት እንገናኝ" ብሎ ሰው ጠዋት ቀጥሮ ራሱ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ብቅ ይላል። አንዴ የሚያገባትን ልጅ ቤተሰቦች እንዲሁ ስድስት ሰዓት ሙሉ አስጠብቋቸዋል እየተባለ ይቀለድበታል።

መጋቢት ላይ ስብሰባው ተደረገ። አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አድርገው ከፊት ተቀመጡ፣ ካሌብ ከጎናቸው፣ ሠራተኛው በሙሉ ዙሪያውን። ማርያማዊት አዲስ የተሰፋ ቀሚስ ለብሳለች። ፕሮጀክተሩ በርቶ አሥራ አራት ባለ ቀለም መስመሮች ግድግዳው ላይ ወጡ፤ አንድ ሰው አንድ መስመር ነው፣ ቁጥር ግን አልተጻፈባቸውም። አሥራ ሦስቱ ተያይዘው ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት ትንሽ ከፍ ይሉና እፍ ስትበራ መልሰው ይረጋጋሉ። ማርያማዊት አንድ በአንድ አስረዳች። ሰውየው ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ካሌብ ፈገግ አለ።

"ጎበዝ" አሉ አቶ ወልደጻድቅ። "ይቺ ቀይዋስ?"

ቀይዋ መስመር ብቻዋን ነበረች፤ ከሌሎቹ ጋር በተቃራኒ ትሄዳለች።

"ጠዋት በሦስት ሰዓት፣ እኔ ሹራብ ለብሼ በምወጣበት ሰዓት፣ ይሄ ሰው በጣም ሞቀኝ ይላል። ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት፣ አስፋልቱ ሲቀልጥ፣ ደህና ነኝ ይላል። አራት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ ነው። ምንድን ነው ነገሩ? አንዱ እንዲህ ከሆነ ሌላውን በምን ልመነው?"

ማርያማዊት ክው አለች። የእኔ ናት ብላ አሰበች። ጠዋት ሁሉም ተመችቶት እሷ ስትነድ የምትውልባቸው ቀናት ነበሩ፤ እውነቷን ሞልታለች፣ ይኸው እውነቷ ግድግዳ ላይ በቀይ ወጣ። ወደ ራሔል ዞረች። አንድ ነገር በይልኝ፣ የጽሕፈት ስህተት ነው በይ፣ ነገ እናጣራለን በይ ማለቷ ነው።

ራሔል እጇ ላይ ያለውን የቁጥሮቹን ዝርዝር ገለጥ አድርጋ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ። ከዚያ ዝርዝሩን አጠፈችው።

"ይቅርታ ጋሼ" አለች። "ፎርሙ ስህተት የለበትም። ያቺ መስመር የማርያማዊት ናት። እሷ... አርጣለች። ሁለት ዓመት ሆናት። ሙቀት በሆነ ባልሆነው ይነሳባታል። እንዲያውም እፍን የሠራችው ለዚሁ ነው።"

ጽጌ ሻርፗን ወደ አፏ ወሰደች። ከኋላ አንዱ ሳል አስመስሎ ሳቀ። ማርያማዊት እሳቱ ከደረቷ ሲነሳ ተሰማት፤ አንገቷ፣ ጆሮዋ፣ ግንባሯ ቀላ፣ ሁሉም ሰው እያያት፤ ለራሔል ቃል የምትመሰክረው እሷው ራሷ ሆነች።

አቶ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር። "የእኔ ልጅ፣ ይሄን እኔ ባልሰማው ጥሩ ነበር" አሏት። ከዚያ ወደ ካሌብ ዞሩ። "ለአንድ ሰው ሕመም የተሠራ ነገር ሁለት መቶ ሰው ላይ አልጭንም። ኤሲ አስገቡልኝ። ከዚህች ከመሐንዲሷ ጋር ጨርሱት።"

መሐንዲሷ ራሔል ናት። አለቀ፣ የላይኛው መስመር ሄደ።

ደረጃው መዞሪያ ላይ ራሔል ተከትላ ደረሰችባት፤ ያን ጊዜ በልጇ የማለችበት ቦታ። "ላድንሽ ብዬ ነው" አለቻት። "ውሸታም ከሚሉሽ እውነቱን ብነግራቸው ይሻላል ብዬ ነው። የመጣልኝ እሱ ብቻ ነው፣ በጌታ።" አለቀሰችም። ይቅርታ የጠየቀችው ማን እንደሆነች ታውቃላችሁ? ማርያማዊት። "የእኔ መስመር ናት ያበላሸችው፣ አንቺ ምን ታደርጊ" ብላ አባበለቻት። አይ ማርያማዊት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ርኅራኄ ነው የገደላት። ጽጌ፣ በር ከተከፈተ ሞትኩ የምትለዋ ጽጌ፣ ራሷ ተነስታ ከማርያማዊት አናት በላይ ያለውን መስኮት ከፈተችላት። "እናቴም በዚያ ጊዜ እንዲሁ ነበረች" አለቻት ጮክ ብላ። በእሷ ዕድሜ ያለው የመንገድ መሐንዲስ "ቁጭ በይ እትዬ" እያለ ወንበር ይስብላት ጀመር። እትዬ! ከዚያ ካሌብ ኤሌክትሪሻን አስጠርቶ ብሬከሩን በትልቅ አስቀየረ፣ ኤሲውን አሥራ ስምንት ላይ አደረገውና ሪሞቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖረላት።

"ለማርያማዊት ሲባል ማንም እንዳይነካው" አለ ለሁሉም።

እፎቹ ተነቅለው በካርቶን ሆነው መጋዘን ገቡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትንሽ መብራት በልታ ቢሮውን ያኖረችው ነገር ቀረች፤ በምትኩ ለእሷ ተብሎ የሕንፃውን ቆጣሪ የሚያሯሩጥ ብርድ ቀኑን ሙሉ ይነፍሳል። ሰው ጃኬት ለብሶ መግባት ጀመረ። በመጋቢት፣ ሐዋሳ ውስጥ፣ በጃኬት። እየተንቀጠቀጡ ዞር ብለው ያይዋታል፣ ካዩዋት በኋላ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፣ ከዚያ ዚፓቸውን እስከ አንገታቸው ይዘጋሉ። ማርያማዊት ሪሞቱን አንድም ቀን አልነካችውም። ቢያጠፉትም ቢያበሩትም ወሬው ያው ነው።

በሁለተኛው ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ፣ አብዱልፈታህ ጃኬቱን እንደተከናነበ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆመ። ከንፈር የማይመጥጥላት እሱ ብቻ ነው።

"እፌን መልሺልኝ እባክሽ" አላት። "ዱባይም እንዲህ አልበረደኝም። ደግሞ እኔ ጠዋት ምንም አልልም፤ የምቀቀለው ከሰዓት ነው። ነይ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ወርደን ሻይ እንጠጣ።"

ማርያማዊት ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። "ሦስት ሰዓት እኮ አለፈ፣ አምስት ሊሆን ነው።"

"ዘጠኝ ማለቴ ነው፣ ዘጠኝ" አለ እየሳቀ። "ስድስት እየቀነስሽ ስሚኝ አላልኩሽም?"

እሱ ስቆ ሄደ። እሷ ግን እጇ ማውሱ ላይ እንዳለ ቀረ። ሦስትና ዘጠኝ። ጠዋት ምንም አልልም፣ የምቀቀለው ከሰዓት ነው። ቀይዋ መስመር ዓይኗ ላይ መጣች። የእሷ ሙቀት መቼ እንደሚነሳ ራሱ አያውቅም፤ አንድ ቀን ጠዋት፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሦስት ቀን ደግሞ ጭራሽ ጠፍቶ። ቀይዋ ግን አራት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን አልሳተችም ነበር። ደግሞስ እሷ መቼ ነው ከሰዓት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐዩ ፊቷ ላይ ተደፍቶ፣ አራት ሳምንት ሙሉ "ደህና ነኝ" ያለችው?

ተነስታ ፎርሞቹ ያሉበትን ቦክስ ፋይል አወረደች። መጀመሪያ የራሷን ፈለገች፤ አሥራ አንድ ቁጥር። ኮምፒውተር ላይ ከገባው ጋር አስተያየችው። ሰማያዊ መስመር ናት። ከአሥራ ሦስቱ መሃል ተቀላቅላ፣ አንዳንድ ቀን ከፍ፣ አንዳንድ ቀን ዝቅ እያለች፣ እፍ ስትበራ እየተረጋጋች ትሄዳለች። ያን ቀን ግድግዳው ላይ ማንም ልብ ያላላት መስመር። ምስጢሯ እዚያ መሃል በሰላም ተቀምጦ ነበር፤ ዝም ቢባል ኖሮ ማንም አያገኘውም ነበር።

ከዚያ ሰባት ቁጥርን አወጣች። የሰዓቱ ቦታ ላይ በየቀኑ መጀመሪያ ዘጠኝ፣ ቀጥሎ ሦስት ተብሎ ተጽፏል። አብዱልፈታህ ነው፤ ሌላ ማን በፈረንጅ ሰዓት ይሞላል? ኮምፒውተሩ ሦስትን ጠዋት፣ ዘጠኝን ከሰዓት ብሎ ደርድሮ ቀኑን ገልብጦበታል። ሰውየው ቅጠል የሚያክል ጥፋት የለውም፤ እንደ ሁሉም ሰው ጠዋት ደህና ነው፣ ከሰዓት ሞቆታል። የወረቀቱ አናት ላይ ደግሞ በእርሳስ አንዲት ትንሽ ኮከብ ተሥላለች። ከኮከቧ አጠገብ በራሔል እጅ፣ "የፈረንጅ ሰዓት ነው፣ ስድስት ይቀነስ" ይላል።

ማርያማዊት ወረቀቱን ይዛ መጋዘኑ ውስጥ እፎቹ የተጫኑበት ካርቶን ላይ ተቀመጠች። እንባ አልመጣላትም። አንጀቷ ነው የተቃጠለው። ራሔል ታውቅ ነበር፤ ጽፋዋለች፣ ኮከብ አድርጋበታለች፣ ስታስገባው ረሳችው። ይሄ ያጋጥማል፣ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ዝርዝሩን ገልጣ አየች፣ ሰባት ቁጥር ማን እንደሆነ አወቀች፣ ዝርዝሩን አጠፈች። ከዚያ የእሷን ገመና አነሳችና ቀዳዳዋን ደፈነችበት። ሁለት ዓመት የተጠበቀ ነገር፣ በልጅ የተማለበት፣ አንዲት ስድስት መቀነስ ለመረሳቷ መሸፈኛ ሆነ። ከገመናዋ መውጣት ይልቅ እንዲህ በርካሽ መውጣቱ ነው ያንገበገባት።

ራሔልን ደረጃው መዞሪያ ላይ ጠርታ ወረቀቱን አሳየቻት። ራሔል አልካደችም፤ ኮከቧን ስታይ ፊቷ አመድ መሰለ።

"መቼ ነው ትዝ ያለሽ?"

"ዝርዝሩን ሳየው" አለች ራሔል። "ማርያማዊትዬ፣ ባለፈው ወር ካሌብ ለሁለተኛው ስህተቴ አስጠንቅቆኝ ነበር፣ ታውቂያለሽ። አቶ ወልደጻድቅ ፊት ሦስተኛ ጊዜ ሊሆንብኝ ነው። ደነገጥኩ። ምን እንዳልኩ ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።"

"እኔ ነኝ የወጣሁት ከአፍሽ።"

ራሔል ግድግዳውን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። ማርያማዊት እስክትጨርስ ጠበቀቻት። መሄድ ትችል ነበር፤ ወረቀቱን ይዛ በቀጥታ ካሌብ ዘንድ ብትገባ ነገሩ ያን ሰዓት ያልቃል። እሷ ግን አሥር ዓመቱን አየች፣ ሆስፒታል ያደረችባትን ሌሊት አየች። ራሔል ራሷ ብትናገር የሆነ ነገር ይተርፋል ብላ አሰበች።

"አንቺው ንገሪው" አለቻት። "እኔ አልነግርብሽም። ራስሽ ግቢና ንገሪው።"

"ከምሳ በኋላ እገባለሁ። በልጄ።" እጇን ዘረጋች። "ወረቀቱን ስጪኝ፣ ይዤው ልግባ።"

ሰጠቻት። እኔ ብሆን አልሰጥም ነበር፤ እናንተም አትሰጡም። ግን እኛ ከራሔል ጋር ምሳ አልበላንም።

ከምሳ በኋላ ራሔል ካሌብ ቢሮ ገባች። ክፍሉ መስታወት ስለሆነ ማርያማዊት ከጠረጴዛዋ ታየዋለች፤ ድምፅ ግን የለም። ራሔል አንገቷን ደፍታ ስታወራ፣ ካሌብ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ሲሰማ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ከዚያ ሲፈታ አየች። እየነገረችው ነው። የማርያማዊት ትከሻ ሁለት ሳምንት ተሸክሞት የነበረው ነገር ትንሽ ቀለል አለው። ላይኛው መስመር ላይ የራሷን ስም በሐሳቧ ጻፈች፣ ሙሉውን፣ ከነአባቷ።

ራሔል ወጣች። ሳታያት አልፋ ተቀመጠች። ካሌብ ተከትሎ መጣና ማርያማዊት ጠረጴዛ ጥግ ላይ ቁጭ አለ፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰው የታመመ ሲጠይቅ እንደሚያደርገው።

"ራሔል ሁሉንም ነገረችኝ። የአብዱልፈታህን ፎርም ሰዓቱን ሳትቀይሪ ማስገባትሽን፣ ቀይዋን መስመር የአንቺ ናት ያለችውም ስህተትሽ እንዳይወጣ ብላ መሆኑን። አልተቆጣሁም፣ እሺ? ባለቤቴ ነርስ ናት። በዚህ ጊዜ መርሳት ያለ ነው ትላለች። ራሔልም አደራ እንዳትናገራት ብላኝ ነበር፤ እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የምነግርሽ።"

ማርያማዊት ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማችው ቋንቋ መሰላት። "ያስገባሁት እኔ አይደለሁም ኢንጂነር" አለች። "ራሔል ናት ያስገባችው። ወረቀቱ ላይ በእጇ ጽፋበታለች።"

"የቱ ወረቀት?"

"ይዛው የገባችው። ሰባት ቁጥር።"

ካሌብ ወደ ራሔል ዞር አለ። ራሔል ኮምፒውተሯ ላይ አቀርቅራለች፤ ራሷን ቀስ ብላ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። ካሌብ መልሶ ማርያማዊትን አያት፣ በዚያ ሁሉ ርኅራኄ። "እሺ" አላት፣ "እሺ፣ ግድ የለም።" እሺታው እንደዚያ ሆኖ ሲመጣ ከዚያ በኋላ የምትለው ሁሉ የመርሳቷ ማስረጃ እንደሚሆን ገባት። ብትጮህም እሱ ነው፣ ብታለቅስም እሱ ነው፣ ዝም ብትልም እሱ ነው።

"ለአቶ ወልደጻድቅ አንነግራቸውም፣ ኤሲው ታዟል። ዋናው አንቺ እንዲመችሽ ነው" አለና ሪሞቱን አንስቶ ወደ አሥራ ስድስት አወረደው። ፊቷ ቀልቶ አይቶ ነው።

ብርዱ ከአናቷ ወረደባት። ፊቷ ላይ የነበረው እሳት ጠፋ። እግሯ፣ እጇ፣ ደረቷ ውስጥ ያለው ሁሉ በረዳት። አጠገቧ፣ ክንዷን ብትዘረጋ በምትነካው ቦታ፣ ራሔል ሥራዋን ትሠራለች።

የጋራ መሳቢያቸውን ሳበች። ከባለ ኮከብ ቁርጥራጮቹ ሥር ያልተሞላ ፎርም ነበር። አወጣችው። ቁጥር በሚለው ቦታ ቁጥር አልጻፈችም፤ ሙሉ ስሟን ጻፈች፣ ከነአባቷ። ሰዓት በሚለው ላይ "ስምንት ሰዓት ተኩል፣ በእኛ" ብላ ጻፈች። ከዚያ በአራቱ ሳምንት ውስጥ አሥራ አራቱም ሰዎች አንድም ቀን ያልነኳት አራተኛዋ ሳጥን ላይ፣ "በረደኝ" የምትለዋ ላይ፣ ምልክት አደረገች።

ወረቀቱን ራሔል ፊት አስቀመጠችው፣ ቦርሳዋን አነሳች።

"አስገቢው" አለቻትና ወጣች።